ጃቫ ላይ በስትሪም ፋይል ማንበብና መጻፍ፦ አማርኛው ሳይበላሽ፣ መብራትም ሳያጠፋው

ፋይል ማንበብና መጻፍ ኦኦፒ (ኦብጀክት ኦሪየንትድ ፕሮግራሚንግ) ኮርስ ላይ መጨረሻ አካባቢ ስለሚመጣ ብዙ ሰው ለፈተና ሸምድዶ ነው ሚያልፈው፣ ከዛ ፕሮጀክት ላይ ሲደርስ ጉዱ ይፈላል። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ቪዲዮዎች መጥፎ ሆነው አይደለም፣ ግን ሁሉም ሄሎ ወርልድ ምናምን እያሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው ሚሞክሩት፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ስህተታችሁን ይደብቅላችኋል፣ ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ባይት ሚቀየርበት ስምምነት) ብትረሱም ይሰራል፣ የባይቱን ስትሪም ከካራክተሩ ብታምታቱም ይሰራል። በፊደላችን የተጻፈ ነገር ስታስገቡበት ግን ወዲያው ያጋልጣችኋል። ስለዚ እዚህ ከመጀመሪያው በአማርኛ ፋይል ነው ምንሰራው።

ምሳሌያችን ጅማ ላይ በየመጋዘኑ ያለ ነገር ነው፣ የቡና መረከቢያ መዝገብ። ቡና ሲገባ ከየት ወረዳ መጣ፣ እሸት ነው ወይስ ጀንፈል (ከነሽፋኑ የደረቀ)፣ ስንት ኪሎ ነው ተብሎ ደብተር ላይ ይጻፋል። ያንን ቡና.ቲኤክስቲ ምትባል ፋይል ላይ እናደርገዋለን፣ እንዲህ፦

ጎማ፣ጀንፈል፣340
ማና፣እሸት፣125
ሊሙ ኮሳ፣ጀንፈል፣510
ሰቃ ጨቆርሳ፣ጀንፈል፣204

ፕሮግራሙ ይቺን አንብቦ የጀንፈሉን ኪሎ ደምሮ በፈረሱላ ይነግረናል፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ከዛ አዲስ ርክክብ ሲመጣ እታች ይጨምራል። በቃ ይሄው ነው ስራው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ስትሪም ማለት ዳታ በተራ በተራ ሚፈስበት መስመር ነው፣ ጃቫ ላይ ሁለት የስትሪም ዘር አለ። አንደኛው ኢንፑት ስትሪምና አውትፑት ስትሪም ሚባሉት አብስትራክት ክላሶችና ልጆቻቸው ናቸው፣ እነዚህ ሚያውቁት ባይት ብቻ ነው፣ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር። ሁለተኛው ሪደርና ራይተር ናቸው፣ እነዚህ ካራክተር ነው ሚያመላልሱት። ልዩነቱን በቃል ከመሸምደድ በአይን ማየት ይሻላል። አንድ ፋይል ላይ ጅማ ብላችሁ ብቻ ጻፉና ዩቲኤፍ 8 በሚባለው ኢንኮዲንግ ሴቭ አድርጉት፣ ከዛ በፋይል ኢንፑት ስትሪም ክፈቱትና ሪድ ሚለውን ሜተድ እየጠራችሁ ሚመጣውን ቁጥር ፕሪንት አድርጉ። ሚመጣው ይሄ ነው፦ 225፣ 140፣ 133፣ 225፣ 136፣ 155፣ ከዛ ነጌቲቭ 1። ሁለት ፊደል ነው የጻፋችሁት፣ የወጣው ግን ስድስት ባይት ነው። መጀመሪያዎቹ ሶስቱ ጅ ናቸው፣ ቀጣዮቹ ሶስቱ ማ። ፊደላችን በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ሶስት ባይት ይወስዳል፣ ከሀ እስከ ፐ ያሉት በሙሉ ደግሞ በ225 ነው ሚጀምሩት። ነጌቲቭ 1 ማለት ፋይሉ አለቀ ማለት ነው፣ ሪድ ባይት እየመለሰ ለምን ኢንት ይመልሳል ብላችሁ ጠይቃችሁ ከሆነ መልሱ ይሄ ነው፣ ማለቂያውን ሚናገርበት ከ0 እስከ 255 ካሉት ውጪ የሆነ ቁጥር ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ይሄንን ካያችሁ በኋላ እያንዳንዱን ባይት ወደ ቻር ካስት እያደረገ ሚያነብ ኮድ ለምን አማርኛ ላይ እንደማይሰራ ማንም ማስረዳት አይጠበቅበትም።

አሁን ስለ ብልሽቱ። አማርኛ ሲበላሽ በሁለት መልክ ነው ሚበላሸው፣ ሁለቱን መለየት ብዙ ጊዜ ያድናችኋል። አንደኛው የላቲን ኤ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት እየተደጋገመች፣ መሃል መሃል ላይ ሌላ ዝባዝንኬ ምልክት ሲመጣ ነው። ያቺ ጭረት ያለባት ኤ ማለት 225ን ዊንዶውስ 1252 በሚባለው ኢንኮዲንግ ስታነቡት ምትወጣዋ ናት። ይሄ ከሆነ አትደንግጡ፣ ፋይሉ ደህና ነው፣ አነባበባችሁ ነው የተሳሳተው፣ በዩቲኤፍ 8 ስትከፍቱት ይስተካከላል። ሁለተኛው የጥያቄ ምልክት ሲደረደር ነው። ይሄኛው ፋይሉ ውስጥ በእውነት የጥያቄ ምልክት ተጽፎ ከሆነ አለቀ፣ አይመለስም፣ ምክንያቱም በዛ ኢንኮዲንግ ውስጥ ጅ ሚባል ፊደል ስለሌለ ጃቫ ባገኘው ቦታ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ተክቶበታል። ግን ፋይሉ ነው የተበላሸው ለማለት አትቸኩሉ፣ የዊንዶውስ ጥቁሩ ኮንሶል ራሱ አማርኛ ማሳየት ይከብደዋል፣ ፋይሉ ደህና ሆኖ ኮንሶሉ ላይ ብቻ የጥያቄ ምልክት ሊሆን ይችላል። በኖትፓድ ክፈቱና እዛ ፍረዱ።

ይሄ ሚመጣው ከየት ነው ካላችሁ፣ ፋይል ሪደርና ፋይል ራይተር ሚባሉት የድሮ ክላሶች ኢንኮዲንግ ካልነገራችኋቸው የማሽኑን ዲፎልት ነው ሚወስዱት። ዊንዶውስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ 1252 ነው፣ ሊነክስ ላይ ዩቲኤፍ 8 ነው፣ ለዛ ነው ኡቡንቱ ሚጠቀመው ልጅ ላፕቶፕ ላይ የሰራው ኮድ እናንተ ጋ ሚበላሸው። ጃቫ 18 በፈረንጆቹ 2022 ሲወጣ ዲፎልቱ የትም ቦታ ዩቲኤፍ 8 ሆኗል፣ ግን ላብ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ገና ጃቫ 8 ላይ ናቸው፣ ስለዚ በዲፎልት አትተማመኑ።

ወደ ማንበቡ እንግባ። ከታች ያለውን እንደሚነበበው ነው የጻፍኩት፣ አይዲኢያችሁ (ኮድ ምትጽፉበት ፕሮግራም) ላይ ኪዎርዶቹንና የክላስ ስሞቹን በላቲን ታስገባላችሁ። የቫሪያብሎቹን ስም ግን በአማርኛ ብትተዉትም ጃቫ ምንም አይልም፣ ፊደላችንን እንደ ሌላ ማንኛውም ሌተር ነው ሚቆጥረው።

ትራይ (በፈርድሪደር አንባቢ = ፋይልስ.ኒውበፈርድሪደር(ፓዝስ.ጌት("ቡና.ቲኤክስቲ"))) {
ስትሪንግ መስመር;
ኋይል ((መስመር = አንባቢ.ሪድላይን()) != ነል) {
ስትሪንግ[] ክፍል = መስመር.ስፕሊት("፣");
}
}

እዚች ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር ምክንያት አለው። ፋይልስ ሚለው ክላስ ውስጥ ያለው ኒው በፈርድ ሪደር ከጃቫ 8 ጀምሮ ኢንኮዲንግ ባትነግሩትም በዩቲኤፍ 8 ነው ሚያነበው፣ ማሽኑን አይጠይቅም፣ ለዛ ነው ከፋይል ሪደር ይልቅ እሱን የመረጥኩት። ሌላም ጥቅም አለው፣ ፋይሉ ትክክለኛ ዩቲኤፍ 8 ካልሆነ ዝም ብሎ አያልፍም፣ ማልፎርምድ ኢንፑት ኤክሴፕሽን ብሎ ይጮሃል። ኢንፑት ስትሪም ሪደር ግን ያልገባውን ባይት በምትክ ምልክት ለውጦ ዝም ይላል፣ እኔ ሚጮኸውን እመርጣለሁ።

ትራይ ቀጥሎ ያለው ቅንፍ ትራይ ዊዝ ሪሶርስስ ይባላል፣ ጃቫ 7 ላይ ነው የመጣው፣ ቅንፉ ውስጥ የከፈታችሁትን ነገር ኤክሴፕሽን ቢመጣም ባይመጣም ራሱ ይዘጋዋል። ፋይናሊ ውስጥ ክሎዝ፣ ክሎዙን ደግሞ በሌላ ትራይ ሚለውን የድሮ አጻጻፍ ሃንዳውት ላይ ታገኙታላችሁ፣ ለፈተና እወቁት፣ ለስራ ግን ተዉት።

ኋይሉ ላይ ደግሞ ሪድ ላይን አንዴ ብቻ ነው ሚጠራው። ኮንዲሽኑ ላይ አንዴ ውስጥ ደግሞ አንዴ ከጠራችሁት አንድ መስመር እየዘለለ ያነባል፣ በኛ ፋይል ጎማ ጠፍቶ ማና ይወጣል፣ ሊሙ ኮሳ ጠፍቶ ሰቃ ጨቆርሳ ይወጣል፣ ኤረር ስለሌለው ደግሞ ድምሩ ካልተጣራ ማንም አይነቃበትም።

በፈርድ ሚለው ነገር ለምን አስፈለገ ካላችሁ፣ ዲስክ ጋ መሄድ ውድ ነው፣ ጀንፈል በእፍኝ እፍኝ ከማመላለስ በጆንያ ማምጣት ይሻላል፣ የጃቫው ጆንያ በፈርድ ኢንፑት ስትሪም ላይ በዲፎልት 8192 ባይት ይይዛል። ይሄ ቁጥር ስንጽፍ ይመለስብናል።

ፋይሉ አልተገኘም ሚለው ኤክሴፕሽን ላይ ብዙ አልቆይም። ዘጠና በመቶው ወይ ፋይሉን ኤስአርሲ ፎልደር ውስጥ አስገብታችሁት ፕሮግራሙ ግን ከፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ላይ ነው ሚፈልገው፣ ወይ ዊንዶውስ ኤክስቴንሽኑን ስለደበቀው የፋይሉ ስም ቡና.ቲኤክስቲ.ቲኤክስቲ ሆኗል። ፓዙን ቱ አብሶሉት ፓዝ ብላችሁ ፕሪንት አድርጉ፣ የት እየፈለገ እንደሆነ ራሱ ይነግራችኋል።

ስፕሊት ካደረጋችሁ በኋላ ክፍል ዜሮ ወረዳው ነው፣ አንድ አይነቱ፣ ሁለት ኪሎው። ክፍል አንድ ከጀንፈል ጋር በኢኳልስ ካነጻጸራችሁ በኋላ ኪሎውን በፓርስ ኢንት ቀይራችሁ ትደምራላችሁ፣ ከላይ ባለው ፋይል 340 እና 510 እና 204 ሲደመሩ 1054 ይመጣል፣ ለ17 ሲካፈል 62 ፈረሱላ። ይሄ ካልመጣላችሁ እነዚህን እዩ። ሰው በእጁ ሲጽፍ ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ስፔስ ይተዋል፣ ፓርስ ኢንት ደግሞ ስፔስ አይወድም፣ ስለዚ ሁሉንም ትሪም አድርጉ። ኪሎውን በግዕዝ ቁጥር የጻፈ ካለ ፓርስ ኢንት አይቀበለውም፣ እነ ፩ና ፪ን ዲጂት ብሎ አይቆጥራቸውም። ሰቃን በንጉሡ ሠ ሚጽፍ ሰው ካለ ደግሞ ለጃቫ ሌላ ወረዳ ነው፣ ኢኳልስ ፊደልን እንጂ ድምጽን አያውቅም፣ ይሄንን ሚያስተካክል ትንሽ ሜተድ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ኮዱ ውስጥ ያለችው ነጠላ ሰረዝም ራሷ ልትበላሽ ትችላለች፣ ከጃቫ 18 በፊት ባለው ዊንዶውስ ላይ ጃቫክ (ኮምፓይለሩ) ሶርስ ፋይላችሁን በ1252 ሊያነበው ስለሚችል አይዲኢው ላይ የፕሮጀክቱን ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ 8 አድርጉት።

ከሁሉም ክፉዋ ግን ማትታየዋ ናት። አንዳንድ ፕሮግራም፣ የድሮው ኖትፓድም ጭምር፣ ዩቲኤፍ 8 ብሎ ሴቭ ሲያደርግ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 239፣ 187፣ 191 ሚሉ ሶስት ባይቶች ይጨምራል፣ ቦም ትባላለች። ጃቫ አታነሳትም፣ እንደ አንድ ካራክተር ቁጥሯ 65279 ሆና ከመጀመሪያው ቃል ጋር ተጣብቃ ትመጣለች። እና ስክሪን ላይ ጎማ ይላል፣ ኢኳልስ ግን ፎልስ ይላል፣ ሌንግዙን ስታዩ 2 መሆን ሲገባው 3 ነው። ትሪምም አያነሳትም። መፍትሄው ቀላል ነው፣ የመጀመሪያው መስመር ባዶ ካልሆነና ቻር አት 0 ከ65279 ጋር እኩል ከሆነ ሰብስትሪንግ 1 አድርጉት።

ወደ መጻፉ ስንመጣ ጉዳቱ ይከፋል፣ ስታነቡ ብትሳሳቱ ፋይሉ እዛው አለ፣ ስትጽፉ ብትሳሳቱ ግን ዳታው ይሄዳል። መጀመሪያ ይሄንን እወቁ፣ ፋይል ራይተር ወይ ፋይል አውትፑት ስትሪም ባለ ፋይል ላይ ዝም ብላችሁ ከከፈታችሁ ገና አንድ ፊደል ሳትጽፉ የነበረው ይጠፋል፣ መክፈቱ ራሱ ነው ባዶ ሚያደርገው። አንድን ፋይል በአንድ እጅ እያነበባችሁ በሌላ እጅ እዛው ላይ ልጽፍ ካላችሁም ያው ነው፣ ሚነበበው ባዶ ፋይል ይሆናል። እታች ለመጨመር አፔንድ ማለት አለባችሁ፦

ትራይ (በፈርድራይተር ጸሐፊ = ፋይልስ.ኒውበፈርድራይተር(ፓዝስ.ጌት("ቡና.ቲኤክስቲ"), ክሬት, አፔንድ)) {
ጸሐፊ.ራይት("ጌራ፣ጀንፈል፣170");
ጸሐፊ.ኒውላይን();
}

ክሬትና አፔንድ ሚሉት ስታንዳርድ ኦፕን ኦፕሽን ከሚባለው ኢነም ነው ሚመጡት። ሁለቱንም ስጡት፣ ክሬት ከሌለ ፋይሉ በሌለበት ማሽን ላይ ኤክሴፕሽን ይመጣል።

አሁን ያ 8192 ይመለሳል። ራይት ስትሉ ጽሑፉ ቀጥታ ዲስክ ላይ አይሄድም፣ መጀመሪያ ሚሄደው በፈር ውስጥ ነው፣ በፈሩ ሲሞላ ወይ ፍለሽ ስትሉ ወይ ስትዘጉት ነው ሚወጣው። ክሎዝ የረሳ ሰው ፋይሉ ተፈጥሯል ግን 0 ባይት ነው ሚለው ለዚህ ነው፣ የጻፈው ትንሽ ስለሆነ በፈሩን አልሞላውም። ትልቅ ፋይል ከሆነ ደግሞ ጭራው ብቻ ይቆረጣል፣ ይሄ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሲታይ የተሟላ ይመስላል።

መብራትስ? ጅማ ክረምት ላይ ዝናቡ ነጎድጓድ ይዞ ሲመጣ መብራት መሄዱን ሁላችንም ለምደነዋል፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይይዘዋል፣ መጋዘን ውስጥ ያለው ዴስክቶፕ ግን እዛው ድርቅ ነው ሚለው። ፍለሽ ብያለሁ ብላችሁ አትኩሩ፣ ፍለሽ ጽሑፉን ከጃቫ አውጥቶ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ይሰጠዋል እንጂ ዲስኩ ላይ ደርሷል ማለት አይደለም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም የራሱ ማቆያ አለው። ግድ ዲስክ ላይ ይድረስልኝ ካላችሁ ከላይ ባለው ፋንታ ፋይሉን በፋይል አውትፑት ስትሪም በአፔንድ ትከፍቱና ከፍለሹ በኋላ ስትሪሙ ላይ ጌት ኤፍዲ ብላችሁ ሲንክ ትጠራላችሁ። ቀርፋፋ ነው፣ በየመስመሩ አትጥሩት፣ አንድ ርክክብ ባለቀ ቁጥር ይበቃል።

ሙሉ ፋይሉን እንደ አዲስ ምትጽፉ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ የተሳሳተ ኪሎ ለማስተካከል፣ ዋናው ላይ በፍጹም አትጻፉ። እዛው ፎልደር ውስጥ ቡና.ቴምፕ ሚባል ፋይል ላይ ጻፉ፣ ሲንክ አድርጉ፣ ዝጉት፣ ከዛ በፋይልስ ሙቭ አቶሚክ ሙቭ ሚለውን ኦፕሽን ሰጥታችሁ በዋናው ስም ተኩት። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ወይ አሮጌው ሙሉ ፋይል አለ ወይ አዲሱ ሙሉ ፋይል አለ፣ ግማሽ ሚባል ነገር የለም። ቴምፑን ሌላ ድራይቭ ወይ ፍላሽ ላይ ካደረጋችሁት ግን አቶሚክ ሙቭ አይሰራም።

ፕሪንት ራይተር ሚወድ ሰው ብዙ ነው፣ ፕሪንትኤልኤን ስላለው ይመቻል፣ ግን ሲጽፍ ኤክሴፕሽን አይወረውርም፣ ዲስኩ ቢሞላ ፍላሹ ቢነቀል ዝም ነው፣ ቼክ ኤረር ብላችሁ ካልጠየቃችሁት አይናገርም። ለዳታ አልወደውም።

ይሄ ሁሉ ኦኦፒ ጋ ምን አገናኘው ሚል ካለ፣ እንደውም ኮርሱ ላይ ፖሊሞርፊዝም ከውሻና ከድመት ውጪ በደንብ ሚታየው እዚህ ነው። ድምር ሚሰራውን ሜተድ የፋይል ስም በስትሪንግ እንዲቀበል አታድርጉት፣ ሪደር እንዲቀበል አድርጉት። ከዛ ለሱ ፋይል ይሁን ከኔትወርክ የመጣ ይሁን ግድ የለውም፣ ሪደር የሆነ ሁሉ ያስኬደዋል። ትልቁ ጥቅሙ ለመሞከር ነው፣ ስትሪንግ ሪደር ውስጥ ሁለት ሶስት መስመር አማርኛ አስገብታችሁ ፋይል ሳትፈጥሩ ሜተዱን ትፈትኑታላችሁ። ንብርብሩም ያው ነው፣ ፋይል ኢንፑት ስትሪም በኢንፑት ስትሪም ሪደር ይጠቀለላል፣ እሱ በበፈርድ ሪደር ይጠቀለላል፣ አንዱ ባይት ያመጣል፣ አንዱ ወደ ፊደል ይቀይራል፣ አንዱ ያጠራቅማል። ምትዘጉት ግን የላይኛውን ብቻ ነው፣ እሱ የውስጦቹን ይዘጋል።

ፎቶ፣ ፒዲኤፍ፣ ዘፈን ምናምን ኮፒ ምታደርጉ ከሆነ ሪደር አጠገቡ አትድረሱ፣ ፊደል ለማድረግ ሲሞክር ያበላሸዋል፣ ባይት ስትሪም ነው። ሪድ ባይት አሬይ ተቀብሎ ስንት ባይት እንዳነበበ ይመልሳል፣ ስትጽፉ ያንን ያህል ብቻ ጻፉ፣ አሬዩን በሙሉ ከጻፋችሁት የመጨረሻው ዙር ላይ ትርፍ ቆሻሻ ይገባል። ጃቫ 9 እና ከዛ በላይ ካላችሁ ትራንስፈር ቱ ሚባል ሜተድ ሁሉንም በአንድ መስመር ይጨርስላችኋል።

ኦብጀክት አውትፑት ስትሪም ፕሮጀክት ላይ ሁሉም ሰው ይጠቀማል፣ ሲሪያላይዘብል ብሎ ኦብጀክቱን እንዳለ መጻፍ ስለሚያስችል። ሁለት ነገር ብቻ። በአፔንድ ከፍታችሁ ከጻፋችሁበት ስታነቡ ኢንቫሊድ ታይፕ ኮድ ኤሲ ሚል ኤክሴፕሽን ይመጣል፣ ምክንያቱም ስትሪሙ በተከፈተ ቁጥር የራሱን ሄደር ይጽፋል፣ ሁለተኛው ሄደር መሃል ላይ ይሰነቀራል፣ ስለዚ ሙሉውን አሬይ ሊስት እያነበባችሁ መልሳችሁ እንደ አዲስ ጻፉ። ሌላው ክላሱ ላይ ፊልድ ስትጨምሩ ሲሪያል ቨርዥን ዩአይዲ ካልሰጣችሁት የድሮው ፋይል አልከፈት ይላል። የማታውቁት ሰው የሰጣችሁን ሲሪያላይዝድ ፋይል ደግሞ አትክፈቱ፣ በዛ በኩል ኮድ ማስኬድ ይቻላል። እንዲህ ላለ መዝገብ እኔ ተራውን የጽሑፍ ፋይል ነው ምመርጠው፣ ፕሮግራሙ ቢጠፋ እንኳ በኖትፓድ ይነበባል።

በመጨረሻ ሂሳብ ሰራተኛው በኤክሴል ክፈቱልኝ ማለቱ አይቀርም። ሲኤስቪ አድርጋችሁ ስትሰጡት ደብል ክሊክ ያደርገዋል፣ ከዛ ያቺ ጭረት ያለባት ኤ ትመጣለች፣ ኤክሴል ቦም ካላየ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን ላያውቅ ስለሚችል። እዚህ ጋ ቦም ትጠቅማለች፣ ከምንም በፊት ጸሐፊ.ራይት(65279) በሉ፣ ከዛ በእኛ ነጠላ ሰረዝ ፋንታ የላቲኑን ኮማ ተጠቀሙ፣ ኤክሴል በእኛው አይከፍልም። ሲኤስቪውን በአፔንድ ምትከፍቱት ከሆነ ግን ቦሟን ፋይሉ ባዶ ሲሆን ብቻ ጻፏት፣ አለዚያ በተከፈተ ቁጥር መሃል ላይ አንድ አንድ ትሰካላችሁ፣ ማና ለምን ከማና ጋር እኩል እንዳልሆነ ስትፈልጉ ታመሻላችሁ።